«መቁረጫችን አርጅቷል» የሚለው ቃል ብቻውን ለምን ገንዘብ አያስገኝም፦ ለተሽከርካሪ አደጋ ነፍስ አድን መሣሪያ ድጋፍ ስለመጠየቅ

ጥያቄ፦ «በአንድ አነስተኛ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ጣቢያ የነፍስ አድን ቡድን ኃላፊ ነኝ። ያለን የሃይድሮሊክ መሣሪያ (በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ መቁረጫና መፈልቀቂያ) አንድ ስብስብ ሲሆን ከ20 ዓመት በላይ አገልግሏል። በቅርቡ በደረሱ ሁለት አደጋዎች የአዳዲስ መኪኖችን ጣሪያ የሚሸከመውን ምሰሶ መቁረጥ አቅቶን ተጎጂዎቹን ለማውጣት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብናል። ለሁለት ለጋሾች ፕሮፖዛል ብናቀርብም ሁለቱም ሳይቀበሉት ቀርተዋል። አሁን አንድ መሣሪያ አቅራቢ ፕሮፖዛሉን በነፃ ልጻፍላችሁ ብሎናል። ሌሎች ደግሞ ያገለገለ መሣሪያ በእርዳታ ብታስመጡ ይቀላል ይሉናል። ባልደረቦቼ የተጎጂዎችን ፎቶግራፍ አያይዘን የምንጠይቀውን ገንዘብ ከፍ ብናደርግ የተሻለ ትኩረት እናገኛለን ብለው ያምናሉ። የትኛውን መንገድ እንከተል?»

ምላሽ፦ ከጥያቄዎ ጋር ያያያዙትን ፕሮፖዛል አንብቤዋለሁ። ከስድስቱ ገጾች አራቱ የተጻፉት ስለ መሣሪያው ነው፤ የመቁረጫው ጉልበት፣ የመፈልቀቂያው አከፋፈት፣ የባትሪው ቆይታ በጥሩ ሁኔታ ተዘርዝሯል። ጣቢያዎ በዓመት ስንት ጊዜ በተሽከርካሪ ውስጥ የተጣበቀ ሰው ለማውጣት እንደተጠራ፣ እያንዳንዱን ሰው ለማውጣት ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ እናንተ ካልቻላችሁ ደግሞ ሌላ የነፍስ አድን ቡድን ከየት እንደሚመጣና በስንት ሰዓት እንደሚደርስ የሚናገር አንድ መሥመር እንኳ አላገኘሁበትም። ሁለቱ ለጋሾች ያልተቀበሉት በዚህ ምክንያት እንደሆነ አልጠራጠርም። በፕሮፖዛሉ ውስጥ «መሣሪያችን ኋላ ቀር በመሆኑ ዘመናዊ መሣሪያ ያስፈልገናል» የሚለው ዓረፍተ ነገር አምስት ጊዜ ተደጋግሟል፤ ይህ ግን ፍላጎትን ከመግለጽ አልፎ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ እንዲህ ብሎ የማይጽፍ አመልካችም የለምና።

ፕሮፖዛልዎን ማን እንደሚያነበው አስቀድመው ቢያስቡ ብዙ ነገር ይቃናል። በአሜሪካ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእሳት አደጋ ተቋማት የመሣሪያና የሥልጠና ድጋፍ የሚሰጠው የፌዴራል መንግሥት ፕሮግራም ማመልከቻዎቹን የሚያስገመግመው በዚያው ሙያ ውስጥ ባሉ ሰዎች ሲሆን፣ ገምጋሚዎቹም በዋናነት የሚያዩት የአመልካቹን የገንዘብ አቅም፣ የፕሮጀክቱን ዝርዝርና በጀት፣ የሚወጣው ገንዘብ ከሚያስገኘው ጥቅም ጋር ያለውን ሚዛን፣ እንዲሁም በየዕለቱ ሥራ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ነው። ሌሎች ለጋሾች ቅጻቸው ይለያይ እንጂ የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ከእነዚህ ብዙም አይርቁም። ገምጋሚው ራሱ መቁረጫ ይዞ በተገለበጠ መኪና ሥር የተንበረከከ ሰው ሊሆን ስለሚችል የአቅራቢው መጽሔት ላይ ያለው ውብ ቃል አያሳምነውም። «ምሰሶው አልቆረጥ ሲላችሁ ሌላ ምን ሞከራችሁ?» ብሎ መጠየቁ ግን አይቀርም፤ ፕሮፖዛሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሌለው ችግሩ የመሣሪያ ሳይሆን የሥልጠና ነው ብሎ ይደመድማል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የቴክኒኩን ጉዳይ በትክክል ማስቀመጥ ይገባል። አሮጌው መቁረጫ አቅም ያነሰው ስላረጀ ብቻ አይደለም፤ በሚገባ የተያዘ የሃይድሮሊክ መሣሪያ ከ20 ዓመት በኋላም ሲሠራ የተነደፈበትን ጉልበት ሊሰጥ ይችላል። የተለወጠው መኪናው ነው። በአዳዲስ ተሽከርካሪዎች የመካከለኛውና የፊተኛው ምሰሶ እንዲሁም የጣሪያው የጎን አግዳሚ ብዙውን ጊዜ ቦሮን ከተቀላቀለበትና በሙቀት ከተጠናከረ ብረት ይሠራሉ። ይህ ብረት እስኪበጠስ የሚሸከመው ውጥረት 1500 ሜጋፓስካል ገደማ ሲሆን፣ ከተራው የመኪና ብረት አራት ወይም አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። ይህ ብረት ከመበርከቱ በፊት የተሠራ መቁረጫ በእንዲህ ያለ ምሰሶ ላይ ሲያርፍ ስለቱ ሊሸራረፍ፣ ሊከፈት ወይም ተሰብሮ ሊፈናጠር ይችላል፤ የመጨረሻው ለተጎጂውም ለሠራተኛውም አደገኛ ነው። ከዚህ በተጨማሪ የኤርባግ ጋዝ መያዣ ሲሊንደሮች በጣሪያው አግዳሚና በምሰሶዎቹ ውስጥ ስለሚቀመጡ፣ የውስጡን ሽፋን ገልጦ ሳያዩ መቁረጥ በራሱ ሌላ አደጋ ይፈጥራል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት መኪኖች ደግሞ 400 ቮልት ገደማ፣ አንዳንዶቹም 800 ቮልት ገደማ ኃይል በብርቱካናማ ገመዶች ያስተላልፋሉ።

እነዚህን እውነቶች በግማሽ ገጽ ጽፈው ከራስዎ ሁለት አደጋዎች ጋር ያያይዟቸው። የመኪናውን ዓይነትና የተሠራበትን ዓመት፣ የትኛው ምሰሶ ላይ እንደተሞከረ፣ መቁረጫው ምን እንዳደረገ፣ ከዚያም ቡድኑ ምን ዓይነት አማራጭ እንደተጠቀመ ይግለጹ። ጠንካራውን ክፍል ትቶ ከላይ ወይም ከታች በኩል መቁረጥ፣ በሩን ከማጠፊያው መፈልቀቅ፣ ክሩስኮቱን በመግፊያ ዘንግ ወደ ፊት መግፋት ወይም በኋለኛው መስኮት በኩል ማውጣት የተለመዱ ዘዴዎች ናቸው። ከእነዚህ የሞከራችሁትንና መሣሪያ በማጣት ልትሞክሩት ያልቻላችሁትን ለይታችሁ ስታስቀምጡ፣ ገምጋሚው ሥራውን የሚያውቅ ቡድን በመሣሪያ እጦት እንደተያዘ ይረዳል። ደካማ ጎናችሁን መደበቅ ከዚህ የባሰ ይጎዳችኋል። «የመግፊያ ዘንግ አጠቃቀም ላይ በቂ ልምምድ አልነበረንም፤ ስለዚህም በበጀቱ ውስጥ የሥልጠና ወጪ አካተናል» ብሎ የሚጽፍ ጣቢያ ምንም ጉድለት እንደሌለበት አድርጎ ከሚጽፈው ይልቅ ይታመናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ ይኸውም መዝገብ ነው። ፕሮፖዛል ሲጽፉ ከምንም በላይ ጊዜ ሊወስድብዎ የሚገባው ይህ ክፍል ነው። ቢያንስ የ3 ዓመት፣ ከተቻለም የ5 ዓመት የተሽከርካሪ አደጋ ጥሪዎችን አንድ በአንድ ሰብስቡ። ለእያንዳንዱ ጥሪ አምስት ሰዓቶች ያስፈልጓችኋል፦ ጥሪው የደረሰበት፣ ቡድኑ ከጣቢያ የወጣበት፣ ቦታው ላይ የደረሰበት፣ ሠራተኛው ተጎጂው ዘንድ ገብቶ እጁን ያሳረፈበት፣ በመጨረሻም ተጎጂው ከተሽከርካሪው የወጣበት። ከእነዚህ ሁሉ የመሣሪያውን ጉዳይ የሚናገረው በሦስተኛውና በአምስተኛው መካከል ያለው ጊዜ ነው። የጣቢያችሁ መዝገብ ይህን ሁሉ ካልያዘ ከአምቡላንስ አገልግሎቱ፣ ከትራፊክ ፖሊስና ከሬዲዮ ግንኙነት መዝገብ ጋር በማመሳከር አብዛኛውን መልሶ ማግኘት ይቻላል። አድካሚ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም በሠራሁበት አንድ ጣቢያ የ4 ዓመት መዝገብ ከሦስት የተለያዩ ደብተሮች ለመልቀም ለብቻዬ አምስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ሥራውን ስጨርስ ግን ከመሣሪያው በፊት መታረም የነበረበትን ነገር አገኘሁ፤ ከጠፋው ጊዜ የሚበዛው ክፍል ያለፈው መኪናው ሳይደገፍና ሳይረጋጋ ሥራ ለመጀመር በመሞከር ነበር።

በአደጋ የተጎዳውን ሰው ሁሉ «የተጣበቀ» ብሎ መቁጠር የተለመደ ስህተት ነው። በጉዳቱ ምክንያት ራሱ መውጣት ያልቻለ ሰው፣ በሩ ስላልተከፈተ ብቻ ውስጥ የቀረ ሰውና አካሉ በብረት የተያዘ ሰው ሦስቱም የተለያዩ ናቸው፤ የመቁረጫና የመፈልቀቂያ ጥያቄ በዋናነት የሚደገፈው በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው። ለይታችሁ ስትቆጥሩ ቁጥሩ ያንስ ይሆናል። በዚህ አትደንግጡ፤ ቁጥሩንም አታሳድጉ። በዓመት 9 ሰው ብቻ ያወጣ ጣቢያ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው የነፍስ አድን ቡድን የሚደርሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ መሆኑን በካርታ ካሳየ፣ በዓመት 60 ሰው አውጥቶ በ15 ደቂቃ ርቀት ሌላ ቡድን ካለው ጣቢያ ያላነሰ ጠንካራ ማመልከቻ ሊኖረው ይችላል። ርቀትን በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ሁኔታና በደቂቃ ጻፉ።

በዚሁ ክፍል ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር «ወርቃማው ሰዓት» የሚባለው አባባል ነው። በፕሮፖዛልዎ ውስጥ «በ60 ደቂቃ ውስጥ ሆስፒታል ያልደረሰ ተጎጂ ይሞታል» የሚል ተጽፏል። ከባድ ጉዳት ለደረሰበት ሰው፣ በተለይ ውስጣዊ ደም እየፈሰሰው ላለ ሰው፣ ጊዜ ወሳኝ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን 60 ደቂቃ የሚለው ቁርጥ ያለ ገደብ በጥናት የጸና አይደለም፤ የሕክምና ዕውቀት ያለው ገምጋሚም ይህን ያውቃል። በምትኩ «ተጎጂ የማውጫ ጊዜያችን በአማካይ ይህን ያህል ደቂቃ ነው፤ ከዚህም ውስጥ ይህን ያህሉ መቁረጥ ባለመቻላችን የባከነ ነው» ብለው ይጻፉ። አዲሱ መሣሪያ ይህን ያህል ሕይወት ያተርፋል ብለው ቁጥር አይስጡ። ሊለኩት የሚችሉት ደቂቃን ነው፤ ቃል የሚገቡትም በሚለኩት ላይ ብቻ ይሁን።

ቀጥሎ የሚመጣው ምን ይጠየቅ የሚለው ነው። በአሁኑ ዝርዝራችሁ ሁለት ሙሉ የሃይድሮሊክ ስብስብ፣ አንድ ትልቅ ጄኔሬተር፣ የመብራት ማማና አዲስ ተሽከርካሪ ተካተዋል፤ መደገፊያ ግን አንድም የለበትም። ይህ ቅደም ተከተሉን የሳተ ጥያቄ ነው። የተገለበጠ ወይም በጎኑ የተኛ መኪና በመደገፊያ ምሰሶ፣ በደረጃ ታኮና በሽብልቅ ሳይረጋጋ መቁረጫ አይቀርበውም፤ ማንኛውም ገምጋሚ ይህን ስለሚያውቅ መደገፊያ የሌለበት ዝርዝር ሲያይ ጥያቄው ከአቅራቢ መጽሔት የተቀዳ ነው ብሎ ያስባል። ሠራተኛውና ተጎጂው ከመስታወት ስብርባሪና ከብረት ስለት የሚጠበቁባቸው ሽፋኖች፣ ፓራብሬዛ ሲቆረጥ ለሚነሳው ብናኝ የአፍንጫና የአፍ መከላከያ፣ ለኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ እስከ 1000 ቮልት የሚያገለግል ክፍል 0 የሚባለው የመከላከያ ጓንት ከመሣሪያው ጋር አብረው ሊጠየቁ ይገባል። ዋጋቸው ከመቁረጫው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ባትሪ ወይስ ቱቦ ያለው መሣሪያ የሚለው ክርክር በየጣቢያው አለ። በቱቦ የሚሠራው ፓምፑ ነዳጅ እስካለው ድረስ ያለማቋረጥ ይሠራል፤ በእጅ የሚያዘው ክፍልም ብዙውን ጊዜ ቀለል ይላል። በሌላ በኩል ቱቦው የሚደርስበት ርቀት ይወስነዋል፣ ፓምፑን ተሸክሞ ገደል መውረድም ከባድ ነው። በባትሪ የሚሠራው ከተሽከርካሪው ወርዶ ወዲያውኑ ሥራ ይጀምራል፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ በብርድ ጊዜ የባትሪው አቅም ይቀንሳል፣ ባትሪዎቹም ከጥቂት ዓመታት በኋላ መተካት አለባቸው፤ የአንዱ አምራች ባትሪ ለሌላው ስለማይሆን የመረጡት አምራች ለረጅም ጊዜ አብሮዎት ይኖራል። ጣቢያችሁ አንድ የነፍስ አድን ተሽከርካሪ ብቻ ያለውና በየጊዜው ከመንገድ ወጥተው ገደል የገቡ መኪኖች ዘንድ የሚጠራ በመሆኑ የባትሪውን እመርጥላችኋለሁ፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት ባትሪ፣ በተሽከርካሪው ላይ የሚገጠም ቻርጀርና አምራቹ ካለው ከኤሌክትሪክ መሥመር ጋር የሚያገናኝ ማገናኛ ተጨምሮ። አሮጌውን ስብስብ ለመጠባበቂያ ማስቀረት የሚቻለው አምራቹ የፈቀደለት ባለሙያ መርምሮ ካረጋገጠ ብቻ ነው። አሮጌውንና አዲሱን በማገናኛ አዋህዶ መጠቀም ፈጽሞ አይሞከርም፤ ከገበያው ከፊሉ በ350 ባር፣ አብዛኛው ደግሞ በ700 ባር አካባቢ ግፊት የሚሠራ ሲሆን፣ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ቱቦ ከፍተኛውን ሲቀበል የሚሆነው ግልጽ ነው።

ዝርዝር መግለጫውን ስትጽፉ የአምራች ስም አትጥሩ፤ የሥራ ብቃቱን ጻፉ። የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 13204 እና የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) ያወጣው፣ ኤንኤፍፒኤ 1936 ተብሎ ሲጠራ የቆየው ደረጃ መቁረጫዎችን በሚቆርጡት የብረት ቅርጽና ውፍረት ይመድባሉ። በኤንኤፍፒኤ አሠራር አምስት ዓይነት ቅርጽ ያላቸው ብረቶች ከኤ እስከ ኢ በፊደል ይሰየማሉ፤ እያንዳንዱም ከ1 እስከ 9 ደረጃ ይሰጠዋል። ከፊደሉ አጠገብ ያለው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን መሣሪያው ወፍራም ብረት ይቆርጣል። እንዲህ ያለ መግለጫ ሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ እንዲያቀርቡ ያስችላል፤ ለጋሹም የጨረታ ሥርዓቱ ንጹሕ መሆኑን ያይበታል። ይሁንና እነዚህ ደረጃዎች የሚለኩት በመፈተሻ ብረት እንጂ በእውነተኛ መኪና ምሰሶ አለመሆኑን ልብ በሉ፤ ስለዚህ ከግዢ በፊት በቅርብ ዓመት በተሠራ የተጋጨ መኪና ላይ በተግባር እንዲታይ የሚል ቅድመ ሁኔታ አስገቡ።

ሥልጠናን በተመለከተ ብዙ ጣቢያዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ለልምምድ የሚገኙት የተጣሉ መኪኖች አሮጌ ናቸው፤ አሮጌ መኪና ደግሞ በአሮጌ መቁረጫም ይቆረጣል። በዚህ የሠለጠነ ቡድን ችሎታው ላይ የተሳሳተ እምነት ይዞ መንገድ ላይ ይወጣል። ከኢንሹራንስ ድርጅቶች ጋር ተነጋግራችሁ ከጥገና ውጭ የሆኑ አዳዲስ መኪኖች በዓመት ሁለት ወይም ሦስት እንዲሰጧችሁ የጽሑፍ ስምምነት ብትይዙ፣ ለፕሮፖዛላችሁ ከአሥር የድጋፍ ደብዳቤ የበለጠ ክብደት ይሰጠዋል። በየመኪናው ውስጥ የሚቆረጠውንና የማይቆረጠውን ቦታ የሚያሳየው የነፍስ አድን ሥዕላዊ መግለጫ በአይኤስኦ 17840 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ለብዙ ዓይነት መኪኖች በስልክ መተግበሪያ ያለ ክፍያ ይገኛል። ይህን መጠቀም ነገ መጀመር ትችላላችሁ፤ መጀመራችሁንም በፕሮፖዛሉ ጥቀሱ።

ገንዘቡ ከየት ይገኛል ለሚለው ጥያቄ፣ ለእሳት አደጋ ተቋማት ብቻ የተመደበ የመንግሥት ድጋፍ ካለ መጀመሪያ የሚኬደው ወደዚያ ነው። እንዲህ ያለ ድጋፍ አብዛኛውን ጊዜ ተጓዳኝ መዋጮ፣ ማለትም አመልካቹ ከራሱ የሚያወጣውን ድርሻ፣ ይጠይቃል። ከላይ በጠቀስኩት የአሜሪካ ፕሮግራም መዋጮው በሚገለገለው ሕዝብ ብዛት ይወሰናል፦ እስከ 20,000 ሰው ለሚያገለግል 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1 ሚሊዮን 10 በመቶ፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ 15 በመቶ። ሌላ ለጋሽ ሌላ መጠን ሊጠይቅ ይችላል፤ ዋናው ነገር መዋጮውን የሚከፍለው አካል በፊርማው ማረጋገጡ ነው። ሁለተኛው በር የመንገድ ደኅንነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በመንገድ አደጋ የሞቱትን ሰዎች 1.19 ሚሊዮን ገደማ አድርጎ ይገምታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ከሌላ ምክንያት ሁሉ በላይ የሚገድለውም ይኸው አደጋ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከ2021 እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ የመንገድ ደኅንነት አሥርት ዓመታት ብሎ ሲሰይም ሞትና ጉዳትን ቢያንስ በ50 በመቶ የመቀነስ ግብ አስቀምጧል፤ ከአደጋ በኋላ የሚሰጥ ምላሽም ከዕቅዱ ምሰሶዎች አንዱ ነው። ነገር ግን በ2006 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዓለም ባንክ የመንገድ ደኅንነት ፈንድም ሆነ በ2018 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የተባበሩት መንግሥታት የመንገድ ደኅንነት ፈንድ የሚሠሩት በአገርና በመንግሥት ደረጃ ነው፤ ለአንድ ጣቢያ መቁረጫ አይገዙም። የጣቢያችሁ ድርሻ የመንገድ ደኅንነት ሥራን ለሚመራው የመንግሥት አካል መዝገባችሁን አቅርቦ በሰፊው ዕቅድ ውስጥ መግባት ነው፤ ይህ ደግሞ ዓመታት የሚወስድ ጉዳይ በመሆኑ የአሁኑን ችግር አይፈታም። ለአሁኑ ይበልጥ ተስፋ ያላቸው በአካባቢያችሁ መንገድ የሚጠቀሙ የትራንስፖርትና የማዕድን ድርጅቶች፣ ኢንሹራንሶችና የበጎ አድራጎት ተቋማት ናቸው።

አቅራቢው በነፃ ልጻፍ ማለቱን አትቀበሉ። ሰውየው በክፉ አስቦ ነው አልልም፤ ሆኖም ፕሮፖዛሉን የጻፈ አቅራቢ በኋላ ጨረታው ላይ ሲቀርብ የጥቅም ግጭት ይፈጠራል፤ አንዳንድ ለጋሾች በዚህ ብቻ ማመልከቻውን ይሰርዛሉ ወይም የተሰጠውን ገንዘብ ያስመልሳሉ። ከአቅራቢ የሚወሰደው ፕሮፎርማ፣ የቴክኒክ መረጃና የተግባር ማሳያ ብቻ ይሁን፤ ያንንም ከአንድ በላይ ከሆኑ አቅራቢዎች ውሰዱ። በተመሳሳይ ሁኔታ፣ ገንዘቡ እንደሚመጣ ተማምናችሁ በብድር አስቀድማችሁ አትግዙ፤ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የወጣ ወጪ በአብዛኛው አይተካም። በመደበኛ በጀታችሁ ተይዞ የነበረ ግዢን ወደ ድጋፉ ማዛወርም በብዙ ለጋሾች ዘንድ ክልክል ነው።

ያገለገለ መሣሪያ ማስመጣት ሙሉ በሙሉ የሚጣል ሐሳብ አይደለም። በእንግሊዝ ያለው ፋየር ኤይድ የተባለ የበጎ አድራጎት ስብስብን የመሳሰሉ ድርጅቶች መሣሪያን ከሥልጠና ጋር ይሰጣሉ። ችግሩ ሌላ አገር ከአገልግሎት ያወጣው መቁረጫ የወጣው ብዙ ጊዜ እናንተ ባጋጠማችሁ በዚያው ጠንካራ ብረት ምክንያት መሆኑ ነው። መደገፊያ፣ ታኮ፣ ሄልሜትና መብራት በእርዳታ ቢመጡ እሰየው፤ መቁረጫ ግን የተሠራበት ዓመትና የደረጃ ምድቡ ሳይታወቅ፣ የምርመራ ሰነድም ሳይኖረው አይቀበሉ። ብዙ አምራቾች የሃይድሮሊክ ቱቦ ከ10 ዓመት በላይ እንዳያገለግል ስለሚመክሩ፣ ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ቱቦ እንደሚተካ አስባችሁ በጀት ያዙ። የማጓጓዣ፣ የቀረጥና የመለዋወጫ ወጪው ተደምሮ ከአዲስ ዋጋ ግማሹን ካለፈ ይቅርባችሁ።

የገንዘቡን መጠን ከፍ ማድረግ ትኩረት ያስገኛል የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ አይገባኝም። ገምጋሚ ከጉድለቱ በላይ የተጠየቀ ገንዘብ ሲያይ ቀሪውንም ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል። ስለ ፎቶግራፎቹ ደግሞ ጠንከር አድርጌ ልናገር፦ በሕመም ላይ ያለን፣ ፈቃዱን መስጠት የማይችልን ሰው ፎቶ ለገንዘብ መጠየቂያ ማያያዝ የእምነት ማጉደል ነው፤ በብዙ ቦታም በሕግ ያስጠይቃል። የተሸራረፈውን የመቁረጫ ስለት በቅርብ አንሱት፤ የተጎጂውን ማንነት የማይገልጽ የምሰሶውን ፎቶ ጨምሩበት። ሥራውን ለሚያውቅ ሰው እነዚህ ሁለት ፎቶዎች በቂ ናቸው።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። በዚህኛው ዙር አታመልክቱ። የሚቀጥሉትን ሁለት ወራት መዝገቡን ለመሰብሰብ፣ አሮጌውን መሣሪያ በባለሙያ አስመርምሮ ውጤቱን በጽሑፍ ለመያዝ፣ ከኢንሹራንሶች ጋር ለመስማማትና የበላይ መሥሪያ ቤታችሁ ተጓዳኝ መዋጮውንና የዓመታዊ ጥገናውን ወጪ በደብዳቤ እንዲያረጋግጥ ለማድረግ ተጠቀሙበት። ከዚያም አንድ ስብስብ ብቻ ጠይቁ፦ መቁረጫ፣ መፈልቀቂያ፣ እየረዘመ የሚገፋ መግፊያ ዘንግ፣ ሙሉ መደገፊያ፣ የመከላከያ ትጥቅና ለሁሉም ፈረቃዎች የሚሰጥ ሥልጠና። ሁለተኛው ስብስብ፣ ጄኔሬተሩ፣ የመብራት ማማውና ተሽከርካሪው ከዝርዝሩ ይውጡ። ገንዘቡ ካነሰ መቁረጫውንና መፈልቀቂያውን በአንድ ጥምር መሣሪያ ተኩት፤ ጥምሩ መሣሪያ ከራሱን ከቻለ መቁረጫ ያነሰ አቅም ስለሚኖረው የመቁረጥ ምድቡን በጥንቃቄ መርምሩ። መደገፊያውንና ሥልጠናውን ግን በምንም ምክንያት አትቀንሱ።

ጥገናውን የሚሸፍነው ደብዳቤ ካልተገኘ ማመልከቻውን አቆዩት። ጥገና የሌለው አዲስ መቁረጫ ባትሪዎቹ ሲደክሙ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለጋሽ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የቀድሞው ድጋፍ የት እንደደረሰ ነው። መዝገቡን ዛሬውኑ ለመጀመር ከላይ የዘረዘርኳቸውን አምስት ሰዓቶች የያዘ አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅታችሁ በነፍስ አድን ተሽከርካሪው ውስጥ አስቀምጡ፤ ከሚቀጥለው ጥሪ ጀምሮ ከሠራተኞቹ አንዱ ሰዓት የመመዝገብ ኃላፊነት ብቻ ይሰጠው።